ላዕል ያለ ታሕት፦ በወላይታ ዞን ለመምህራን ስለሚሠራጩ የድረ ገጽ መጠይቆች

የትምህርት ጥናት በመጠይቅ መካሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የቀድሞው አሠራር ከአንጋፋ መምህራን የተሰወረ አይሆንም፤ ጥያቄዎቹ በስቴንስል ተመትተው በማባዣ መኪና ይባዛሉ፥ በአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ታሽገው ለየትምህርት ቤቱ ይላካሉ፥ ከወራትም በኋላ ከፊሉ ተሞልቶ፥ ከፊሉ ተጓድሎ ይመለሳል፤ የቀረውም እንደ ወጣ ይቀራል። በአሁኑ ጊዜ ግን አንድ የጥናት ባለሙያ ማታ ያሰናዳውን ቅጽ ጧት በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይለቀዋል፤ ከቀትር በፊትም ብዙ መልስ በእጁ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያሉትን የድረ ገጽ መጠይቆች ሲሆን፥ ምርመራውም በወላይታ ዞን ለሚያስተምሩ መምህራን በሚደርሱበት ሁኔታ ላይ ያተኩራል። ዓላማው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን፥ ይልቁንም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የትምህርት ዕቅድ ለማውጣት የሚቻል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ነው።

አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል በይበልጥ የተለመደው ጉግል ፎርምስ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2008 የኩባንያው የሰንጠረዥ ማዘጋጃ አንድ ክፍል ሆኖ የተጀመረ ነው። አዘጋጁ ባዶ ቅጽ ይከፍታል፤ ርእስና መግለጫ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱም ጥያቄ የመልሱን ዓይነት፥ ማለት አጭር ጽሑፍ፥ ከብዙ አንዱን መምረጥ፥ ከአንድ በላይ መምረጥ ወይም ከ1 እስከ 5 የተደለደለ ደረጃ መሆኑን ይወስናል። ሊዘለል የማይገባውን ጥያቄ በኮከብ ምልክት አስገዳጅ ያደርገዋል። «ንባብ ያስተምራሉ?» ለሚለው «አላስተምርም» ያለውን ሰው ወደ ሌላ ክፍል የሚያሻግር ሥርዓትም አለው። ከዚያም ቅጹ በተለምዶ ሊንክ በሚባለው የድረ ገጽ አድራሻ፥ ወይም በኢሜይል ይሠራጫል። መልሱ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ ከወረቀት ወደ መዝገብ ሲገለበጥ ይፈጠር የነበረው ስሕተት በዚህ ቀርቷል። ይህ ጥቅም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ አንድ ሺህ ወረቀት ቁጭ ብሎ በእጁ የቆጠረ ሁሉ ይመሰክራል።

ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ለአዘጋጁ ራሱ ሥሎ በሚያቀርበው ባለ ቀለም ክብ ሥዕል ላይ ነው። ለአብነት ያህል፥ በአዲሱ መጽሐፍ አጠቃቀም ላይ ለመምህራን የተሠራጨ ቅጽ 412 መልስ አመጣ እንበል፤ ከእነዚህም 71 በመቶ የሚሆኑት «መጽሐፉ ለክፍሉ ተስማሚ ነው» አሉ። ሥዕሉ ያማረ፥ መቶኛውም የተስተካከለ ስለሆነ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ለአራተኛ ክፍል ልጅ የሚያስተምር መምህር ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ 412 ላዕል ነው፤ ታሕቱ ወዴት አለ? ሊንኩ የደረሳቸው መምህራን ስንት ናቸው? ደርሷቸው ዝም ያሉትስ? ጨርሶ ያልደረሳቸውስ? በወረቀቱ ዘመን 500 ቅጽ ተልኮ 380 ቢመለስ፥ የቀሩት 120ዎቹ ከየትኛው ወረዳና ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆኑ መዝገቡን አይቶ መናገር ይቻል ነበር። ያልተመለሰው ወረቀት ራሱ መረጃ ነበር፤ መንገዱ መበላሸቱን፥ ርእሰ መምህሩ ቸል ማለቱን ወይም መምህራኑ ጥያቄውን መፍራታቸውን ያመለክታል። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተለቀቀ ሊንክ ግን መነሻ ዝርዝር የለውም። ከቡድን ወደ ቡድን ይተላለፋል፤ ዕጣው ባልወጣለት ሰው እጅም ይገባል። ያልተጠየቀው መምህር በሰንጠረዡ ላይ እንደ ባዶ መሥመር እንኳ ሆኖ አይታይም።

የመልስ ብዛት ይህን ጉድለት እንደማይሞላ በሌላው ዓለም ከተረጋገጠ ቆይቷል። ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫው ወደ 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አግኝቶ ነበር። አድራሻዎቹ በአመዛኙ የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። መጽሔቱ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ፤ ሩዝቬልት ከመራጩ ድምፅ 60 በመቶ ያህሉን ወስዶ አሸነፈ። በዚያ በችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው የሕዝቡ አማካይ አልነበረም፤ ከተጠየቁትም መካከል ለመመለስ የተነሣሡት ከዝምተኞቹ የተለየ አሳብ ነበራቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ በስልክ ማውጫው ፈንታ የቴሌግራም ቡድን አለ።

አሁን ወደ ወላይታ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1,501,112 ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 11.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞቹ ማደጋቸው ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ተማሪውና መምህሩ የሚበዛው አሁንም በገጠር መሆኑን ማንም ዕቅድ አውጪ አይስተውም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ሶዶ ተቀምጣለች፤ በስተሰሜን ቦዲቲና አረካ አሉ። ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ ወደ ኪንዶ ኮይሻ ቆላ፥ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ የወረደ፥ ወይም ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ አበላ አባያን የረገጠ ሰው አገሩ በአጭር ርቀት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያያል። የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በወላይታና በዳውሮ ወሰን ላይ ይገኛል፤ ግድቡ በአቅራቢያ ስላለ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መብራት አለው ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም። መብራት በሌለበት ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን ነው፤ ኔትወርክም የሚገኘው ኮረብታ ላይ ነው። መልስ መስጫው ሦስት ቀን ብቻ የሆነ ቅጽ እንዲህ ያለውን መምህር «አልመለሰም» አይለውም፤ ጨርሶ አያውቀውም።

ወጪውም የሚታሰብ ነው። በፊት የወረቀቱንና የማጓጓዣውን ዋጋ የሚከፍለው ጠያቂው መሥሪያ ቤት ነበር፤ አሁን የኢንተርኔት ጥቅሉን የሚገዛው ተጠያቂው መምህር ነው። ጠያቂው ምንም ስለማያወጣ ጥያቄው ይበዛል፤ ቅጹም ይረዝማል። በየሳምንቱ የአንዱ ቢሮ፥ የሌላው ፕሮግራም፥ የአንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጠይቅ በተከታታይ ይመጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች፤ የክልሉ ቢሮዎች ግን በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለው የተቀመጡ በመሆናቸው፥ ሰው ከመላክ ሊንክ መላክ የሚቀናቸው ቢሆን አያስደንቅም። በዚህ ሁኔታ መምህሩ ጥያቄውን ማንበብ ትቶ የመካከለኛውን ቁጥር፥ ማለት 3ን፥ እየነካ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ከመምህሩ ይልቅ የጥያቄው ብዛት ነው ወቀሳ የሚገባው።

በቅጹ ቅንብር ውስጥ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ምርጫዎችም ከሚገመተው በላይ ጉዳት አላቸው። አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመልስ ለማገድ «አንድ መልስ ብቻ» የሚለው ሲመረጥ፥ መላሹ በጉግል መለያ እንዲገባ ግድ ይሆናል፤ መለያ የሌለው ወይም የይለፍ ቃሉን የረሳ መምህር በደጃፉ ይቀራል። ሰነድ እንዲያያዝ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። እገዳው ካልተደረገ ደግሞ አንድ ሰው ለአሥር ሰው ሊሞላ ይችላል። በአንድ ትምህርት ቤት ዘመናዊ ስልክ ያለው ርእሰ መምህሩ ብቻ ሆኖ «ሁሉም መምህራን እስከ ነገ ይሙሉ» የሚል ትእዛዝ ከወረዳ ሲመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሰንጠረዡ ሰዓቱን ስለሚመዘግብ፥ ጥንቁቅ አጥኚ በሁለት ሁለት ደቂቃ ልዩነት የገቡ ተመሳሳይ መልሶችን አይቶ ነገሩን ሊደርስበት ይችላል። ይሁን እንጂ የሰዓቱን ዓምድ ከፍቶ የሚያነብ ስንቱ ነው?

የቋንቋው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገ ሲሆን፥ በወላይታም የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በወላይትኛ ይማራሉ፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ከዚያ በፊት፥ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ ወላይትኛ ቀደም ብለው ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግእዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። እንግዲህ ለወላጆች የሚቀርብ መጠይቅ በየትኛው ይጻፍ? በላቲን ከተጻፈ በዘመቻው ፊደል የቆጠረው አባት ይቸገራል፤ በአማርኛ ከተጻፈ ወላይትኛ ብቻ የምታውቀው እናት ትቀራለች። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ስለሚለቀቀው ቅጽ ብዙ ማለት አያሻም፤ አጥኚው የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስለሚያቀርብ ለራሱ እንዲመቸው ያደረገው ነው። መሣሪያው ለማንኛውም ፊደል እኩል ክፍት ስለሆነ በዚህ ረገድ ማመካኛ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ለምን እንደሚከብድ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በነበረችበት ጊዜ፥ የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች የሚቀራረቡ መሆናቸውን መነሻ በማድረግ፥ ከአራቱ የተውጣጣና ስሙም ከአራቱ የመጀመሪያ ድምፆች የተገጣጠመ «ወጋጎዳ» የሚባል የማስተማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። መጻሕፍትም ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ገቡ። መምህራንና ተማሪዎች አልተቀበሉትም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። በአገር ደረጃም ቀደም ሲል ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ መምህራን በስፋት ሳይመክሩበት በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ይዘቱ ሲታወቅ፥ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ።

ታዲያ በዚያን ጊዜ የዛሬው ቅጽ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበርን? ይህ ጸሐፊ ይጠራጠራል። እንደ ዛሬው ልማድ ቢሆን፥ የሚቀርበው ጥያቄ «አዲሶቹ መጻሕፍት ለተማሪዎች ደረጃ ምን ያህል ተስማሚ ናቸው?» የሚል፥ መልሱም ከ1 እስከ 5 የተደለደለ በሆነ ነበር። «ይህ ቋንቋ የማንም ቋንቋ አይደለም» የሚል መምህር ይህን የሚያሰፍርበት ቁጥር የለም። ቢበዛ 1ን ይነካል፤ እርሱም የወረቀቱን ጥራት ካልወደደው ወይም ሥዕሉ ከደበዘዘበት ሰው መልስ ጋር አብሮ ተደምሮ አማካይ ይወጣለታል። ዝግ ጥያቄ አዘጋጁ አስቀድሞ ያሰበውን ብቻ ይሰበስባል፤ በ1992 ዓ.ም. የታየው ደግሞ አዘጋጆቹ ያላሰቡት ነገር ነበር። ስለዚህ በየቅጹ መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት ካለዎት» ተብላ ለይስሙላ የምትቀመጠው ባዶ ሣጥን፥ በብዙ ጥናት ውስጥ ሳትነበብ የምትቀረው፥ ከሁሉ አስቀድማ መነበብ ያለባት ናት። እዚያ በወላይትኛ የሚጻፈውን የሚያነብ ሰውም ከአጥኚዎቹ መካከል መኖር አለበት።

የጥያቄ አቀራረብን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ይበቃል። «ርእሰ መምህሩ ፍትሐዊና ብቁ አመራር ይሰጣሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቀርቦ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ እንዲመረጥ ይጠየቃል። ፍትሐዊ ሆነው ብቁ ያልሆኑ፥ ብቁም ሆነው ፍትሐዊ ያልሆኑ ርእሳነ መምህራን መኖራቸው ተረስቷል። ይህ የቆየ ስሕተት ነው፤ በስቴንስሉ ዘመንም ነበረ። አዲሱ ነገር ከዚሁ ጥያቄ በላይ የሚገኘው ነው፦ የትምህርት ቤቱ ስም፥ ጾታ፥ የአገልግሎት ዘመን፥ የሚያስተምሩት ትምህርት፥ ሁሉም በኮከብ የተገደዱ። መግለጫው «ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም፤ ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» ይላል። ዘጠኝ መምህራን ባሉበት የገጠር ትምህርት ቤት ሴት፥ የአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት ያላት፥ ሒሳብ የምታስተምር ማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልግም። ሰንጠረዡ ደግሞ እንደ ወረቀት በአንድ ካዝና የሚቆለፍ አይደለም፤ በአንዲት የማጋራት ትእዛዝ ወደ ፈለጉት ሰው ሊሄድ ይችላል። መምህሯ ይህን ታውቃለች፤ «በጣም እስማማለሁ» ትላለች። ከዚያም ዕቅድ አውጪው በአመራር ረገድ ችግር እንደሌለ አድርጎ ይዘግባል።

መፍትሔው ወደ ስቴንስል መመለስ አይደለም። ወላይታ በሌላ መንገድ የተካሄደ ጥናትም አይታለች፤ በ1960ዎቹ መቀመጫውን ሶዶ አድርጎ የነበረውና በምሕጻሩ ዋዱ እየተባለ የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት በቦሎሶ የግብርና ጥናት አካሂዶ ነበር። የዚያ ዓይነቱ ጥናት ዋጋው ከባድ ነው፥ ውጤቱም ዘግይቶ ይወጣል፤ ነገር ግን ጠያቂው ወደ ተጠያቂው ደጃፍ ይሄዳል እንጂ ተጠያቂው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ አይወጣም። በአሁኑ ዘመን ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ኮቦ ቱልቦክስን የመሰሉ መሣሪያዎች ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ በስልክ ወይም በታብሌት ተሞልተው፥ ኔትወርክ ሲገኝ መልሱን ይልካሉ፤ ጉግል ፎርምስ ይህን አያደርግም። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች ለሥራቸው ወደ ትምህርት ቤቶች መውረዳቸው ስለማይቀር፥ ለዕጣ ወደ ወጡት ትምህርት ቤቶች ብቻ አንድ ታብሌት ይዘው ቢሄዱ ተጨማሪ ወጪው አነስተኛ ነው። እርግጥ ሱፐርቫይዘሩ የመምህሩ አለቃ ስለሆነ፥ ስለ አመራር የሚጠይቀውን ቅጽ እርሱ ሊይዘው አይገባም፤ ለዚህ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሻላሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ዝርዝር ያስፈልጋል። ዞኑ የትምህርት ቤቶቹ መዝገብ አለው። ከዚያ ዝርዝር ከተማና ገጠር፥ ደጋና ቆላ ተለይቶ ዕጣ ይውጣ፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩም በቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ይግባ። ያን ጊዜ ከኦፋ ስንት ትምህርት ቤት እንደተጠየቀና ስንቱ እንደመለሰ ይታወቃል፤ ያልመለሰውም ጋ በስልክ መደወል ወይም ወረቀት መላክ ይቻላል። ዝርዝር ከሌለም ጉድለቱን በግልጽ መጻፍ ይገባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተዘጉ በኋላ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ቤተሰቦችን በስልክ መጠየቅ ሲጀምር፥ ናሙናውን የወሰደው ቀደም ሲል በአካል ከተጠየቁት ቤተሰቦች ሲሆን፥ ስልክ ያላቸውን ብቻ መድረሱንም ገልጾ ልዩነቱን በስሌት ለማስተካከል ሞክሯል። በዚህ መንገድ ታሕቱ ከላዕሉ ጋር አብሮ ታትሟል። የእኛ አጥኚዎች ሪፖርታቸው ላይ «412 መምህራን ተሳትፈዋል» ከማለት ይልቅ «ሊንኩ በእነዚህ የቴሌግራም ቡድኖች ተለቋል፤ የአባላቱ ብዛት ይህን ያህል ነው፤ ከሚከተሉት ወረዳዎች መልስ አልመጣም» ቢሉ፥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጨምርባቸውም ለዕቅድ አውጪው የሚሰጡት ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

የጊዜውንም ጉዳይ ሳናነሣ አናልፍም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። መልስ የሚሰበሰብበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት የገበያ ሳምንት ያካተተ፥ ከፈተና ሰሞንም የራቀ ቢሆን፥ ለመቋረጥም ለቆላው መምህርም ፋታ ይሰጣል።

ቅጹ ተሞልቶ ሲላክ «ምላሽዎ ተመዝግቧል» የሚል አጭር መልእክት ይመጣል። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ስለ ጥናቱ የሚሰማው ነገር የለም፤ ውጤቱ በሶዶ፥ በአዲስ አበባ ወይም በአንድ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለመሣሪያው ግን ውጤቱን መመለስ እንደ መጠየቁ ሁሉ ቀላል ነው። ያው ሊንክ በተለቀቀበት ቡድን ውስጥ፥ ለዕጣ በወጡት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአንድ ገጽ ወረቀት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ፥ ምን እንደተጠየቀ፥ ከስንቱ ስንቱ እንደመለሰና ምን እንደተባለ በወላይትኛና በአማርኛ ቢለጠፍ፥ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመጣው መጠይቅ የሚጠብቀው መምህር ቁጥር 3ን እየነካ የሚወርድ አይሆንም።